ማንም ያልሞተበት ድንኳን

ለምክር ቤት የመረጡኝ ስለሚወዱኝ አይደለም። ይኼን ገና ከመጀመሪያው ልናገረው። የሠፈሬ ሰዎች ምላሴ ሰልችቷቸው ነበር። ዕድር ስንሰበሰብ አንዱን እዘልፋለሁ፤ ሰንበቴ ላይ ሌላውን እዘልፋለሁ፤ ሠርግ ቤት ተጠርቼ የጠላውን ቅጥነት ለሙሽራው አባት እነግረዋለሁ። የወረዳው ምርጫ ደርሶ ዕጩ ጠቁሙ ሲባል የዕድራችን ዳኛ ተነሣና እኔን ጠቆመ። ጭብጨባው ገርሞኝ ነበር። በኋላ ለብቻው አግኝቼ ምን አስበህ ነው ብዬ ብጠይቀው አልደበቀኝም። እኛን መስደቡን ትተህ እስቲ ደግሞ እነሱን ስደብልን ብለን ነው አለኝ።

ከዚያ በፊት ገበሬ ነበርኩ። ዛሬ ባቡሩ አያት ላይ ካቆመበት ወረድ ብሎ ያለውን ኮንዶሚኒየም የሚያይ ሰው፣ እዚህ ጤፍ ይታጨድ ነበር ቢሉት ይስቃል። እኔ ግን የትኛው ብሎክ የትኛው ማሳዬ ላይ እንደቆመ አውቃለሁ። ምስር የምዘራበት ቁራጭ መሬት ላይ አሁን ሞባይል መጠገኛና ጥፍር ቤት አለ። በሬዎቼ ያድሩበት የነበረው ቦታ መኪና ማጠቢያ ሆኗል። አንድ ቀን እዚያ ቆሜ ሳይ አንድ ጎረምሳ ጎማ እያጠበ፣ "አባባ፣ እዚህ ጋ አይቆሙም" አለኝ። ቆሜ የማውቀው ከእሱ መወለድ በፊት እንደሆነ ልነግረው ነበር፤ ውኃው እግሬን ሲያርሰኝ ተውኩት።

መሬቱ ሲወሰድ የፈረምኩት በአውራ ጣቴ ነው። ወረቀቱን ያነበበልኝ ወረቀቱን ያመጣው ሰውዬ ነው። ምን ይላል ብዬ ብጠይቀው፣ ጥሩ ነገር ነው የሚለው አለኝ። እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ፊደል የቆጠርኩት በዕውቀት ፍቅር እንዳይመስላችሁ። በእልህ ነው። በኮንዶሚኒየሙ የጋራ አዳራሽ የጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት መጀመሪያ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ። አስተማሪያችን ከመጨረሻ ልጄ የምታንስ ልጅ ነበረች። ዓረፍተ ነገር ጻፉ ስትለን ሌሎቹ ስለ ላምና ስለ ዝናብ ጻፉ። እኔ የጻፍኩት፣ መሬቴን የወሰደው ሰው ክራባት ነበረው የሚል ነው። "ክራባት" የሚለውን አረመችልኝ። በፍሬ ነገሩ ላይ ግን ስሕተት አላገኘችበትም።

ከዚያ ሁሉ መሬት የተረፈችልን አንዲት ሜዳ ናት። በመጨረሻው ብሎክና በወንዙ መካከል ያለች፣ ለሕንፃ የማትመች ጠመም ያለች ሜዳ። ዕድራችን ድንኳን የሚተክለው እዚያ ነበር። ይኼ ለሌላው ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል። እኛ ግን ገበሬ ሳለን እያንዳንዳችን ግቢ ነበረን፤ ሰው ሲሞት ግቢው ውስጥ ድንኳን ይተከላል፣ ለቀስተኛው ይቀመጣል፣ አለቀ። አሁን ግማሾቻችን ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ተሰቅለናል። ደረጃ ላይ ተደርድሮ አይለቀስም። ገንዘብ ያለው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አዳራሽ ይከራያል፤ እኛ የአዳራሽ ሰዎች አይደለንም። ሜዳው ከሄደ ዕድሩ ይፈርሳል። ዕድሩ ከፈረሰ ደግሞ እኛ የድሮ ጎረቤቶች አንድ ላይ የምንቀመጥበት ምንም ምክንያት አይቀረንም።

ምክር ቤት በገባሁ በሁለተኛው ዓመት የሜዳው ጉዳይ መጣ። መኪና ማቆሚያና ሱቆች ሊሆን ነው ተባለ። ግድግዳው ላይ በመብራት ሥዕል አሳዩን። ሥዕሉ ላይ ዛፍ አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ፌስታል አንጠልጥለው የሚሄዱ ቀጫጭን ሴቶች አሉ። የማውቀው ሰው ፈለግኩ፤ አንድም የለም። እጄን አወጣሁና እነዚህ ሰዎች ሲሞቱ ድንኳናቸው የት ነው የሚተከለው ብዬ ጠየቅኩ። አዳራሹ ሳቀ። የወረዳው ኃላፊ ግን አልሳቀም። ወጣት ነው፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያበራ፣ ሲናገር የማይቸኩል ልጅ። የአባታችን አስተያየት በግብዓትነት ይያዝልን አለ። ግብዓት የሚሉት ነገር፣ በኔ ዕውቀት፣ ከወንዙ ዳር እንዳለው የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። የገባው አይወጣም።

ድምፅ ተሰጠ። እጅ ሁሉ ወጣ፤ የኔ ብቻ ጉልበቴ ላይ ቀረ። ሰብሳቢዋ ዞር ብላ አየችኝና አንድ ድምፀ ተዓቅቦ ብላ አስጻፈች። እኔ አልታቀብኩም፣ ተቃውሜያለሁ፣ ለይተሽ ጻፊ አልኳት። ለይታ ጻፈች። በተቃውሞዬ ምክንያት የተለወጠ ነገር ቢኖር መዝገቡ ላይ ያለ አንድ ቃል ነው። ክረምቱ ሲወጣ ዶዘር ይገባል ተብሎ ተበተንን።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቢላዋዋን አላቆመችም።

"ልጠይቅህ" አለችኝ፤ "እኔ ስሞት ድንኳኔን የት ልትተክለው ነው? አሳንሰር ውስጥ?"

"አሳንሰሩ አይሠራም" አልኳት።

"እሱማ ጥሩ። ቢያንስ ወደ ላይና ወደ ታች አልመላለስም።"

ቀልዷን ነበር፤ ግን ዓይኗ ከሽንኩርቱ የባሰ ቀልቶ ነበር። እሷ ከእኔ በፊት መሞት እንደምትፈልግ ሁሌም ትናገራለች፤ የኔን ለቀስተኛ ማስተናገድ አልችልም፣ የሰደብካቸው ሁሉ መሞትህን ለማጣራት ይመጣሉ ትላለች።

አሁን ስለ ድንኳኑ ልናገር። የዕድራችን ድንኳን ክረምቱን የሚያሳልፈው በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው፤ መጋዘኑ ደግሞ ያፈሳል። ስለዚህ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ አውጥተን፣ ሜዳው ላይ ተክለን፣ ፀሐይ እናስመታዋለን። ወንበሩን እናጥባለን፣ ድስቱን እንፈትጋለን፣ የተሰበረ ብርጭቆ እንለያለን። በዚያ ዓመት ዳኛው እሑድ እናናፍሰው አለ። እኔ ዶዘሩ የሚመጣበት ቀን ይሁን አልኩ።

"ለምን?" አለኝ።

"ፀሐይ ይኖራል።"

ዳኛው ብዙ የማይናገር፣ ቀስ ብሎ የሚገባው ሰው ነው። ጢሙን ይዞ ቆየ። ከዚያ ከንፈሩ ሳይከፈት ፊቱ በሙሉ ሳቀ። ልጅ ሆነን ከሰው ማሳ ሽምብራ እሸት ስንነቅል ያየሁት ፊት ነው።

አንድ ነገር ግን አስጠነቀቅኩ። ማንም እንዳይዋሽ። የሚጠይቅ ሰው ከመጣ፣ ድንኳን እያናፈስን ነው ብላችሁ እቅጩን ንገሩት አልኳቸው። እኔ ባለጌ ነኝ እንጂ ውሸታም አይደለሁም። ደግሞም መዋሸት አያስፈልግም ነበር። በእኛ ዕድር ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ጡሩምባ ይነፋል። ጡሩምባ ካልተነፋ ማንም አልሞተም፤ ይኼን ሠፈሩ በሙሉ ያውቃል። ጡሩምባው የማይሰማው የቢሮ ሰዎች ዘንድ ብቻ ነው። ኃላፊው ራሱ የሚኖረው ኦሎምፒያ አካባቢ ነው ይባላል፤ እዚያ ደግሞ እንኳን የእኛ ጡሩምባ የራሱ ጎረቤት መሞቱም አይሰማም። ልቅሶ ድንኳን የገባ ሰው ደግሞ ማን ነው የሞተው ብሎ አይጠይቅም። ከጠየቀ ሳያውቅ መምጣቱ ነው፤ ነውር ነው። አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፣ ከጨዋታው መሀል ስም እስኪወድቅለት ይጠብቃል።

ቀኑ ደረሰ። ድንኳኑን ተከልን። ሽታው የረጠበ በግ ይመስላል። ሴቶቹ ድስት እየፈተጉ፣ ወንዶቹ ወንበር እየደረደሩ ሳለ ባለቤቴ በትልቅ ሰፌድ ንፍሮ ይዛ መጣች። እኔ ያላሰብኩትን እሷ አስባዋለች።

"ይኼ የልቅሶ ምግብ ነው እኮ" አልኳት።

"ስንዴና ሽምብራ ነው" አለችኝ። "ድንኳን የሚተክል ሰው አይርበውም?"

ዶዘሩ ረፋዱ ላይ እየጮኸ መጣ። ሹፌሩ ድንኳኑን እንዳየ ሞተሩን አጠፋ። ወረደ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ አማተበ፣ ገብቶ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ነፍስ ይማር አለ። ዳኛው ያኑርህ አለው፤ ለማንም ቢሆን ጥሩ ምርቃት ነው። ንፍሮ ተዘገነለት። ሁለት ጊዜ አስጨመረ። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥቶ ስልክ ደወለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ልቅሶ ነው፣ ትልቅ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ሕዝቡ ብዙ ነው ሲል ሰማሁት። ልብ በሉ፣ እሱም አልጠየቀም።

እኔ የፈለግኩት ይቺን ብቻ ነበር። ዶዘሩ ለዛሬ ይመለስ፣ ተራችን ደርሶ ዳግመኛ እስኪላክ እኔ አባላቱን ቤት ለቤት እየዞርኩ ልለምን፤ ምናልባት በሚቀጥለው ስብሰባ ጥቂት እጅ ባስወርድ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ኃላፊው ራሱ መጣ።

ከመኪናው ሲወርድ ከኋላው የፕሮቶኮል ሠራተኛዋ ነበረች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ፊቷ አድርጋዋለች። ከመኪናው እስከ ድንኳኑ ባለው መንገድ ላይ ነው የዘቀዘቀችው፤ አይቻታለሁ። ካሜራ ያንጠለጠለ የኮሙኒኬሽን ልጅም አለ። ኃላፊው አንገቱን ደፍቶ ገባ፣ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ትከሻዬን ያዘኝ።

"ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት።"

አሜን አልኩ። በእውነት ጽናት ያስፈልገኝ ነበር፤ በተለይ ላለመሳቅ። ትንሽ ቆይቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና ድንገተኛ ነው ወይስ ሕመም ነበረ አለኝ። ክረምቱ ጎድቶን ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ክረምቱ ዘንድሮ ከባድ ነበር አለ። ያ እውነት ነው። ከዚያ ወዲያ ይጠይቃል ብዬ ጠበቅኩ፤ እነግረው ነበር። አልጠየቀም።

ባለሥልጣን ግን የተቀመጠ ሰው አይቶ ዝም ማለት አይችልም። ንፍሮውን ሳይጨርስ ተነሣ። ጉሮሮውን ጠረገ። ማኅበረሰባችን ዛሬ አንድ ትልቅ ዋርካ አጥቷል አለ። ወንድ ይሁኑ ሴት ስለማያውቅ ሁሉንም ነገር "እሳቸው" እያለ አለፈው፤ የአማርኛ ትሕትና እንዲህ ዓይነት ቀን ይጠቅማል። ከእሳቸው ብዙ ተምሬያለሁ አለ። ቢሮዬ ድረስ መጥተው ይመክሩኝ ነበር አለ። እዚህ ላይ ባለቤቴ አጠገብ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር። ሳቃቸው ነው። ኃላፊው ግን ለቅሶ መሰለው፤ ልቡ ተነካ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ይኼን አልክደውም፣ የውሸት እንባ አልነበረም። እና የማንም ሰው ዕቅድ ውስጥ ያልነበረውን ነገር ተናገረ።

"እሳቸው ከዚህ ሜዳ ተሸኝተዋል። እኔ በኃላፊነት ላይ እስካለሁ ድረስ እዚህ ሜዳ ማሽን አይገባም።"

ድንኳኑ በሙሉ አሜን አለ። የዶዘሩ ሹፌር ከሁሉም ጮክ ብሎ አለ። የኮሙኒኬሽኑ ልጅ ይቀርጽ ነበር። ማታ የወረዳው ገጽ ላይ፣ ኃላፊው ከኅብረተሰቡ ጎን መቆማቸውን አረጋገጡ ከሚል ጽሑፍ ጋር ወጣ። እኔ ራሴ አነበብኩት። ድሮ ቢሆን ሰው ያነብልኝ ነበር፤ ያን ያህል ደስታ ለሌላ ሰው ማካፈል ይሆን ነበር።

በሳምንቱ ቢሮው አስጠራኝ። ሻይ አዘዘልኝ። ለሪፖርቱ የሟቹን ሙሉ ስም ፈልገን ነበር አለኝ፤ ብዕሩን አዘጋጅቶ።

"ማንም አልሞተም" አልኩት።

"እንዴት ማንም አልሞተም? እኔ እኮ አልቅሻለሁ።"

"አይቼሃለሁ። ጥሩ ነው ያለቀስከው።"

"ድንኳኑስ?"

"ሻግቶ ነበር። እያናፈስነው ነበር።"

ብዕሩን አስቀመጠ። ተነሥቶ በሩን ዘጋና ተመልሶ ተቀመጠ። ይቆጣል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ መልስም ነበረኝ። እሱ ግን የተጎዳ ልጅ መሰለ።

"ለምን አልነገሩኝም፣ ጋሼ? ከጎንዎ ተቀምጬ?"

"ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። አጠገቤ ቁጭ ብለህ ንፍሮ በላህ፣ አለቀስክ፣ ንግግር አደረግክ፣ ግን አልጠየቅክም። መሬቴንም የወሰዳችሁት እንደዚሁ ነው።"

ማን ማን ያውቃል አለኝ። ጡሩምባ የሚሰማ ሁሉ ያውቃል አልኩት። ጡሩምባው ምን እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ፤ አስረዳሁት። ሲገባው ሁለቱን እጆቹን ፊቱ ላይ አደረገ። ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ አሜን አስታውሶ መሆን አለበት። ከዚያ ከጣቶቹ መሀል አንድ ድምፅ ወጣ። አሁን ይኼ ሊያለቅስ ነው ብዬ ነበር፤ እየሳቀ ነው። ብዙ አልሳቀም። ቶሎ ብሎ ባለሥልጣን ሆነ። ቃሌን መመለስ አልችልም አለኝ፤ ከመለስኩ ለምን አልቅሰህ ነበር ይሉኛል። እኔም አትችልም አልኩት። በዚህ ተስማማን። በሕይወቴ ከመንግሥት ጋር የተስማማሁበት ብቸኛ ነገር ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ እሱ ራሱ ሐሳብ አቀረበ። ሜዳው የመታሰቢያ ሥፍራ ይሁን አለ። እነዚያው እጆች፣ ለመኪና ማቆሚያ የወጡት፣ አሁን ለመታሰቢያ ወጡ። የማንን መታሰቢያ ብሎ የጠየቀ አባል የለም። እኔም እጄን አወጣሁ። ሰብሳቢዋ አየችኝና ታመዋል እንዴ የሚል ፊት አሳየችኝ።

ሰሌዳ ተተከለ። "ለባለውለታችን መታሰቢያ" ይላል፣ ስም የለውም። ወደ ኮንዶሚኒየሙ አዲስ የገቡ ሰዎች ይቆሙና ባለውለታው ማን ናቸው ይሉናል። እኛ ሽማግሌዎች እዚያ ጥግ ፀሐይ ስንሞቅ ስለምንውል መልስ አናጣም። አንዱ ድሮ ሰባት ጅብ ያባረሩ ሰው ነበሩ ይላል። ሌላው አዋላጅ ነበሩ ይላል። እኔ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ እውነቱን እነግረዋለሁ፣ ማንም አይደለም እላለሁ፤ የሚያምነኝ የለም፤ መራራ ሽማግሌ ነው ብለው ወደ ጅቡ ሰውዬ ይሄዳሉ።

በሁለተኛው ምርጫ ዕጩ አላደረጉኝም። ከላይ እንደተነገራቸው አውቃለሁ። አልተከፋሁም ብል ውሸት ነው። ተከፍቻለሁ፤ ወንበሩ ለወገቤ ጥሩ ነበር።

ባለፈው የካቲት ግን ጡሩምባ ተነፋ። ተኝቼ ነበር። ባለቤቴ ቀድማኝ ሰማች። ቁጭ ብላ፣ ማን ይሆን አለች፣ ሁለታችንም ግን አውቀነው ነበር፤ ታሞ ከርሟል። የዕድራችን ዳኛ ነው። እኔን ለምክር ቤት የጠቆመኝ፣ ከሰው ማሳ እሸት አብሮኝ የነቀለው። የሚኖረው አራተኛ ፎቅ ነበር። ሬሳውን በዚያ ጠባብ ደረጃ እያጋደልን ስናወርድ በየመታጠፊያው ተሳደብኩ፤ ማንን እንደሆነ አላውቅም። ድንኳኑን ግን ሜዳው ላይ ተከልነው። ሰው መጣ። ከኮንዶሚኒየሙም መጣ፣ የማላውቃቸውም መጡ፣ የዶዘሩ ሹፌር ሳይቀር ሰምቶ መጣ። አንዳቸውም ደረጃ ላይ አልቆሙም።

በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ብቻውን በእግሩ መጣ። ካሜራ የለም። ድንኳኑ በር ላይ ደርሶ ቆመ። አልገባም። ለቀስተኛው ዞሮ ያየዋል፤ እሱ እኔን ያያል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፦

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ማን ነው የሞተው?" አለ።

አንዲት ሴት ወይ ጉድ ብላ አፏን ያዘች። ሰዉ በሙሉ በነውሩ አንገቱን ደፋ። እኔ ተነሥቼ እጁን ያዝኩና የዳኛውን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም ነገርኩት። ምን ያመው እንደነበርም ነገርኩት። ስንት ዓመት ጎረቤቴ እንደነበረ ልነግረው ስል ቁጥሩ ተምታታብኝና በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ፤ እሱም አልቸኮለም፣ ቆሞ ጠበቀኝ። ከዚያ አጠገቤ አስቀመጥኩት።